የለቅሶ ውለታ

ልዩ ታዲዎስ የካዛንቺስ ልጅ ናት። ተወልዳ ያደገችበት ግቢ ዛሬ የለም። አጥሩም፣ በሩም፣ በሩ ፊት ለፊት የነበረው የዘይኑዲን ሱቅም ለመንገዱ ሥራ ፈርሰው በቦታቸው ሣር ተተክሎበታል፤ ቀጫጭን የመብራት ምሰሶዎችም ቆመውበታል። እውነቱን ለመናገር ያምራል። ልዩ ጠዋት ጠዋት ከጎተራ ኮንዶሚኒየም ተነስታ ወደ ቢሮዋ ስትሄድ በዚያ ታልፋለች፤ ቱሪስቱ ቆሞ ፎቶ የሚነሳበት ቦታ የእናቷ ጓዳ የነበረበት መሆኑን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ብትናገርስ ማን ምን ሊላት ነው።

ሰፈሩ ሲፈርስ ሰዉ ተበተነ። ገሚሱ ገላን ጉራ፣ ገሚሱ አራብሳ ደረሰው፤ የቀናው ደግሞ እዚያው ቂርቆስ አካባቢ ተከራይቶ ቀረ። ያልፈረሰው እድሩ ብቻ ነበር። ድንኳኑና ወንበሩ በአንድ አባል ዘመድ መጋዘን ተቀመጠ፤ ጸሐፊው ዘይኑዲን የአባላቱን ስልክ ቁጥር አንድ በአንድ ስልኩ ውስጥ አስገባ፤ ሰው ሲሞት በጽሑፍ መልእክት ይጠራ ጀመር። በቴሌግራም ይሁን ያሉ ወጣቶች ነበሩ። ነገር ግን የእድሩ አብዛኛው አባል ባለቁልፍ ስልክ የያዘ አዛውንት ነው፤ ባለቁልፍ ስልክ ደግሞ ቴሌግራም አያውቅም። ስለዚህ ጡሩምባ ነፊው ወጥቶ መልእክቱ ገባ ማለት ነው። ልዩም አባቷ ከሞቱ ወዲህ በእሳቸው ቦታ ገብታ የእድሩ አባል ሆናለች።

ሥራዋ የቴሌኮም ኩባንያዎችን በሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ነው፤ የሸማቾች ጉዳይ ባለሙያ ናት። ይህንን ለሰፈሯ ሰው አስረድታ አልጨረሰችም። ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ሰዉ የሚጮኸው በእሷ ላይ ነው።

«እኔ እኮ ኩባንያው ውስጥ አይደለም የምሠራው፤ የምቆጣጠረው ነኝ» ትላለች።

«ታዲያ ተቆጣጠሪዋ!» ይሏታል።

ሌሎቹ ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያሉ ይተርቧታል። እሷ ግን በዚህ ታማ አታውቅም። በየአዲስ ዓመቱ ኩባንያዎቹ የሚልኩትን ቦርሳና አጀንዳ ሳትከፍት ትመልሳለች። ወርክሾፕ ተብሎ ቢሾፍቱ ሲኬድ የራሷን ምሳ የምትከፍል አንዲት ሴት ብትኖር እሷ ናት፤ ባልደረቦቿም «አክራሪዋ» ብለው ስም አውጥተውላታል። እጇ ንጹሕ መሆኑን ታውቃለች፤ በዚህም ትንሽ ትኮራ ነበር።

አባቷ ጋሽ ታዲዎስ የሞቱት ሰፈሩ ሊፈርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። እናቷ ቀድመው አርፈዋል፤ እህት ወንድም የላትም። ድንኳኑ በግቢው በር ላይ ተተከለ፤ ሰዉ ገባ፣ ወጣ፤ ልዩ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ የሚያጽናናትን ሁሉ በእንባ በደፈነው ዐይኗ ታይ ነበር። ከቢሮዋ ሰው ከፊሉ መጣ፤ ከፊሉ ደውሎ «እግዜር ያጽናሽ» አለ። በዚያ መካከል ነው መብራህቱ የገባው።

መብራህቱ የአንደኛው ኩባንያ ሰው ነው፤ ሥራው ኩባንያውን ወክሎ ከመሥሪያ ቤታቸው ጋር መነጋገር ነው። በጠረጴዛ ዙሪያ ትይዩ ተቀምጠው ለዓመታት ተከራክረዋል። ሸበቶ፣ ረጋ ያለ፣ ሲናገር ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። ጥቁር ሱፉን ለብሶ ቀብር ላይ ተገኘ። በማግስቱም መጣ፤ በሠልስቱም መጣ። ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ ከማያውቃቸው ሽማግሌዎች ጋር እስከ ምሽት ይቆይ ነበር። በመጨረሻው ቀን ሊሄድ ሲል አጠገቧ ተቀመጠና የራሱ አባት ሲሞቱ ውጭ አገር ለትምህርት ሄዶ እንደነበረ፣ ቀብራቸው ላይ እንዳልደረሰ፣ ያ ነገር እስካሁን እንደሚቆረቁረው ነገራት። ምንም ይዞ አልመጣም፤ ምንም አልጠየቀም። ልዩ ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ ቀን በኋላም የኩባንያው ሰው ሆኖ አልታያትም።

የእኛ አገር ሰው ስጦታ መመለስ ይችላል። ገንዘብ አልቀበልም ማለትም፣ ቢከብድም፣ ይቻላል። ለቅሶ የደረሰን ሰው ፊት መንሳት ግን ከየት ይመጣል? ይህን የሚከለክል መመሪያ እስካሁን አልተጻፈም፤ ቢጻፍም ማንም የሚፈርምበት አይመስለኝም።

በዚያው ዓመት መሥሪያ ቤቱ ስለ ጅምላ መልእክት መመሪያ ማውጣት ጀመረ። ሸማቹ ተማሮ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ስልክ ይጮሃል፤ «ሽልማት ደርሶዎታል» ይላል፤ አንሶላቸውን ገፈው የሚነሱ አሮጊቶች ነበሩ። ረቂቁን የጻፈችው ልዩ ናት። ከአንድ ተራ ቁጥር በአንድ ጊዜ ከመቶ ሰው በላይ ተመሳሳይ መልእክት ከተላከ የላኪው መስመር ለቀናት ይዘጋል፤ ከዚያ በላይ መላክ የሚፈልግ ከኩባንያው አጭር ቁጥር ገዝቶ ይመዘገባል አለች። ኩባንያው በሐሳቡ ተስማማ፤ አንድ ነገር ብቻ እንዲስተካከል ጠየቀ፤ መቶው ሠላሳ ይሁን አለ።

ልዩ ይህ ለምን እንደተፈለገ ገብቷታል። ከሠላሳ በላይ የሚልከው አጭበርባሪ ብቻ አይደለም። ትንሽ ትምህርት ቤት አለ፣ ማኅበር አለ፣ የጥርስ ሐኪም አለ። ይህ ሁሉ ነገ አጭር ቁጥር ገዢ ይሆናል። መልሷን ጽፋ፣ ሦስት ገጽ አድርጋ ወደ ስብሰባው ገባች። ከትይዩዋ መብራህቱ ተቀምጧል።

«ልዩ፣ እህቴ፣ አንቺ አይሆንም ካልሽ እኔ አልከራከርም» አለ በዚያ በረጋ ድምፁ። «ግን ሥርዓቱን የሚያስተዳድሩት ልጆች ከሠላሳ በላይ ከሆነ አጭበርባሪውን መለየት ያስቸግራል ይላሉ።»

ወረቀቷን ገለጠች። ቀና ስትል የታያት ስብሰባው ሳይሆን ድንኳኑ ነበር፤ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ጉልበቱን አቅፎ የተቀመጠው ሰው።

«ሠላሳም ያስኬዳል» አለች።

ዳይሬክተሯ ናኦድ ወጣትና ችኩል ነው፤ ከኩባንያ ጋር ሳይጨቃጨቁ የሚያልቅ ነገር ሁሉ ደስ ይለዋል። «ጎበዝ፣ በቃ ተግባብተናል» አለና ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ። ልዩ ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ አንዳች ነገር ከንክኗት ነበር። ሆኖም ማንም ምንም አልሰጣትም፤ ምንም አልወሰደችም፤ ታዲያ ምን አጠፋሁ ብላ ተወችው።

መመሪያው ሥራ ላይ ዋለ። የሽልማቱ መልእክት በእርግጥ ቀነሰ፤ ናኦድም በቴሌቪዥን ቀርቦ ይህንኑ ተናገረ።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘይኑዲን ቢሮዋ ድረስ መጣ። ሱቁ ከፈረሰ ወዲህ ቂርቆስ ውስጥ ትንሽ ቦታ ተከራይቶ ስኳርና ሳሙና ይሸጣል። አባቱ ከወሎ መጥተው ካዛንቺስ የከተሙ ነጋዴ ነበሩ፤ የሙስሊሙንም የክርስቲያኑንም ለቅሶ እኩል እየጠራ ስንት ዓመት የእድሩ ጸሐፊ ሆኗል። ፊቱ ጠቁሯል። ስልኩን ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ።

«ልዩ፣ እስቲ ይሄን እዪልኝ። በደለኛ አድርጎኛል።»

«ምን ሆነ?»

«ጋሽ ነጋሲ ሞቱ አይደል።»

ልዩ ደነገጠች። ጋሽ ነጋሲ ከእነሱ ግቢ ሁለት ቤት አልፎ ይኖሩ የነበሩ፣ ጡረታ የወጡ የአናጺነት ባለሙያ ናቸው። «መቼ?»

«ሦስት ሳምንት ሊሆነው ነው። አልሰማሽም ማለት ነው?» ዘይኑዲን ትኩር ብሎ አያት። «ወላሂ ሰምተሽ የቀረሽ መስሎኝ ታዝቤሽ ነበር። መልእክቱን እኮ ለሁሉም ልኬያለሁ። ይኸው፣ ተልኳል ይላል። ከዚያ በኋላ ስልኬ አልሠራ አለ፤ ኔትወርክ ነው ብዬ ተውኩት። ዑራኤል ስንደርስ የመጣው ሰው አንድ ሚኒባስ አይሞላም። አጥር ተጋርቷቸው የኖረው ሰው እንኳ የለም። ሬሳ የሚሸከም ጠፍቶ የቤተ ክርስቲያኑን ዘበኛ ለምነን ነው።»

«ባለቤታቸው እትዬ ወርቄስ?»

«እሷማ ምን ትበል። አንድ ቃል ነው የተናገረችኝ። ‹ቤታችን ሲፈርስ ሰውነታችንም ፈርሷል፤ ስሜን ከእድሩ ፋቁልኝ› አለችኝ። ስደውልላት አታነሳም። ሰዉ እንዳልሰማ አስረዳለሁ ብዬ ቤቷ ብሄድ በር አልከፈተችልኝም። አርባ ዓመት አብረውን የኖሩ ሰዎች ረስተውን ነው ብላ አምናለች።»

ልዩ ስልኩን አነሳች። መመልከት አላስፈለጋትም። የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ሰዎች ደርሷቸዋል፤ ከነሱም ግማሹ ቁጥር የቀየረ ወይም የሞተ ነው። ከሠላሳው በኋላ ያለው ስልኩ ላይ ተልኳል ይላል እንጂ የትም አልደረሰም። መመሪያው የተጻፈውን አድርጓል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው፤ አጭበርባሪው ሌላ መንገድ ፈልጎ ሄደ፣ እድሩ ተዘጋበት።

«አጣራለሁ» አለችው ዘይኑዲንን። የጻፍኩት እኔ ነኝ ለማለት አፏ አልታዘዘም። እሱም አመስግኗት ወጣ፤ ምስጋናው ከስድብ የከፋ ሆኖባት ከወንበሯ ሳትነሳ ቆየች።

በማግስቱ ናኦድ ቢሮ ገባች። መቶው ይመለስ፣ እድርና መሰል ማኅበር ደግሞ ከገደቡ ነጻ ይሁን አለችው። ናኦድ ሰማትና ጭንቅላቱን አከከ።

«ነገሩ ልክ ነው። ግን መመሪያውን ራሳችን ጽፈን ራሳችን ስናፈርሰው ጥሩ አይመስልም፤ ገባሽ? ከኩባንያዎቹ ጋር ያለው መድረክ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ቀድመሽ መብራህቱን አናግሪው። እሱ እሺ ካለ ፎርማሊቲ ነው። አንቺን እንደሆነ እምቢ አይልሽም።»

የመጨረሻይቱ ቃል ወጋቻት። እውነትም መብራህቱ እምቢ አይላትም፤ እሷም እምቢ አትለውም፤ በዚህ መካከል ሸማቹ የት ነው ያለው ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷን ጠየቀች።

መስቀል ፍላወር አንድ ካፌ ተገናኙ። መብራህቱ ማኪያቶውን ሳይነካ ሁሉንም አዳመጣት። የጋሽ ነጋሲን ቀብር ስትነግረው ፊቱ በእውነት አዘነ፤ ይህን ማስመሰል አይቻልም።

«ከባድ ነው» አለ። «በጣም ከባድ ነው። እንዲህ እናድርግ፤ መመሪያውን አሁን አትንኪው። ስድስት ወር ይቆይ። እኔ ኩባንያውን አሳምኜ ለእድሮች አጭር ቁጥር በግማሽ ዋጋ አሰጣለሁ።»

«ጡረተኞች ናቸው እኮ። ሞተናል ለማለት ይክፈሉ?»

«ልዩ፣ እኔና አንቺ እንዲህ አንነጋገርም ነበር።»

 ከዚያ ብዙ ጊዜ ሆዷ ውስጥ ስታመላልሰው የከረመችውን አወጣችው።

«የአባቴ ለቅሶ ላይ ለምን ነበር የመጡት?»

መብራህቱ ምን እንደተጠየቀ የገባው ቆይቶ ነው። ሲገባው ጆሮው ድረስ ቀላ። «ሰው ሞቶብሽ ነዋ» አለ። «ሌላ ለምን ይመጣል ሰው?»

እውነቱን ነበር፤ ልዩም እውነቱን መሆኑን አወቀች፤ ያፈረችውም ለዚህ ነው። ሰውየው ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀላት ነበር። ክፉን ሰው አይሆንም ማለት አያስቸግርም። ደግ ሆኖ፣ ከልቡ አዝኖ፣ ከዚያ በማግስቱ የደሞዙን ሥራ የሚሠራ ሰው ነው የሚያስቸግረው። ይቅርታ ጠየቀችው፤ እሱም ምንም አይደል አላት፤ ሁለቱም ግን ምንም እንዳልሆነ አላመኑም። ስለ መመሪያው የሰጣት መልስ አልተለወጠም።

በመድረኩ ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ተራዋ ሲደርስ ልዩ ያዘጋጀችውን ወረቀት ይዛ ቆመች፤ ቁጥሩን፣ ቅሬታውን፣ የሌሎች ማኅበራትንም አቤቱታ አቀረበች። አንዱ የኩባንያ ሰው እጁን አወጣ።

«ሠላሳ የተባለው እኮ በራሳችሁ ባለሙያዎች ስምምነት ነው። ጥናት ተደርጎበት መስሎን ነበር።»

ናኦድ ወደ እሷ ዞረ። ለዚህ የሚሆን የቢሮ ቋንቋ ሞልቷል፤ «በወቅቱ ከነበረው ነባራዊ ሁኔታ አንጻር» ብሎ መጀመር ይቻላል። ልዩ ወረቀቷን አጠፈች።

«ሠላሳ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «ጥናት አልተደረገበትም። የምቃወምበትን ጽፌ መጥቼ ነበር፤ ይሉኝታ ይዞኝ ሳልናገር ቀረሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የከፈለው ግን ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ይታረም ነው የምለው።»

 መብራህቱ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አጣምሮ ወደ ታች ያይ ነበር። ኩባንያውን ወክሎ መቃወም ይችል ነበር፤ ተራው ሲደርስ «አስተያየት የለንም» ብሎ ብቻ አለፈ። ከዚያ የተለመደው የደብዳቤ መመላለስ መጣ። በመጨረሻ መቶው ተመለሰ፤ እድሮችም ከገደቡ ነጻ ሆኑ። ናኦድ አኮረፋት፤ ለሚቀጥለው ወርክሾፕ ስሟን አላስገባም። መብራህቱ ከስብሰባ ሲወጡ እስከ በሩ አብሯት መሄድ ልማዱ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በደረጃው በኩል ቀድሟት ይወርዳል።

የተፈረመው ማሻሻያ በወጣ ሳምንት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ልዩ ከመስቀል አደባባይ አውቶቡስ ይዛ እትዬ ወርቄ ወደሚኖሩበት ገላን ጉራ ወረደች። መንገዱ ረጅም ነው። የምትናገረውን ስታዘጋጅ ሄደች፤ ሰዉ እንዳልረሳቸው፣ መልእክቱ እንደታገደ፣ አሁን እንደተስተካከለ። እውነት ለመናገር ትንሽ ደስታም ነበራት፤ ከእዳዋ የወጣች መስሏታል።

እትዬ ወርቄ የልዩን ድምፅ ሲሰሙ በሩን ከፈቱ። ጥቁር ለብሰዋል። ቤቱ አዲስ ነው፤ ነጭ ግድግዳ ላይ የጋሽ ነጋሲ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ጋሽ ነጋሲ በእጃቸው የሠሩት ቁም ሳጥን በአሳንሰር አልገባ ብሎ ግማሹ ተፈትቶ ጥግ ላይ ቆሟል። ልዩ ተቀመጠችና ያዘጋጀችውን ሁሉ ተናገረች።

«መልእክቱ ታግዶ ነው?» አሉ እትዬ ወርቄ ቀስ ብለው። «ሰዉ አልሰማም ነው የምትዪኝ?»

«አልሰማም፣ እትዬ። እኔም አልሰማሁም።»

እትዬ ወርቄ በረጅሙ ተነፈሱ። የከረመ ነገር ከደረታቸው ላይ ሲነሳ ታየ። «እኔ ደግሞ ሰዉን ሁሉ ስረግም ከረምኩ። ዘይኑዲንን እንኳ በር ዘጋሁበት፤ ያን ምስኪን።»  «እንዲህ ያለውን ሕግ ማነው ያወጣው? ሰው የማይሞትበት ሰው ነው?»

ዝም ብትል የሚያውቅባት አልነበረም።

«እኔ ነኝ» አለች ልዩ። ስለ መብራህቱ ነገረቻቸው፤ አባቷ ሲሞቱ ሦስቱን ቀን ድንኳን ተቀምጦ እንደዋለላት፣ ከዚያ በኋላ ፊቱን አይታ አይሆንም ማለት እንዳቃታት፣ ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

እትዬ ወርቄ አልተቆጡም። ባሏን በሞት ያጣች ሴት አንዳንዴ ለቁጣ የሚሆን ጉልበት አይተርፋትም። ወደ ፎቶው ዞረው ሲያዩ ቆዩና እንዲሁ ወግ እንደሚያወሩ ሁሉ ተናገሩ።

«ነጋሲ ያኔ ሦስቱንም ሌሊት እዚያ ድንኳን ውስጥ ነበር ያደረው። ድንኳኑንም የተከለው እሱ ነው። ወገቡን ያመው ነበርና ቤት ግባ ብለው እምቢ አለኝ። ‹ልጅቷ ብቻዋን ናት፤ ሌሊት ብትወጣ ሰው ታግኝ› አለኝ። ብርዱ ያኔ ነው ደረቱ ላይ የገባው።»

ልዩ ለማስታወስ ሞከረች። ድንኳኑ መጣላት፤ ወንበሩ፣ ጥቁሩ ሱፍ፣ ያ ረጋ ያለ ድምፅ። ሌሊት በወጣች ጊዜ ጋቢ ተከናንቦ ከበሩ አጠገብ የተቀመጠ ሰው እንደነበረ፣ «አይዞሽ ልጄ» እንዳላት ትዝ ሊላት ይገባ ነበር። ፊቱን ብትፈልግ አጣችው። ያ ሰው ከልጅነቷ ጀምሮ እዚያው የነበረ ጎረቤት ነው፤ እዚያ መሆኑን እንደ ውለታ ቆጥራው አታውቅም።

«አላየኋቸውም ነበር፣ እትዬ» አለች።

«በዚያን ጊዜ ማን ምን ያያል» አሉ እትዬ ወርቄ። ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ። «ብቻ እሱ ላንቺ ነበረልሽ። ለሱ ግን ማንም ሳይኖርለት ሄደ።»

ልዩ ከበሩ ስትገባ ማድረግ የነበረባትን ነገር ያኔ አስታወሰች። ለቅሶ ቤት የሚገባ ሰው መጀመሪያ ያለቅሳል፤ ወሬ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እሷ ግን ወረቀት ይዛ፣ ምሥራች ይዛ ነበር የገባችው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሶፋው ወረደች፤ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ «ጋሽ ነጋሲ፣ ጋሽ ነጋሲ» እያለች በስማቸው እየጠራች አለቀሰች።

እትዬ ወርቄም መጥተው አጠገቧ ተቀመጡና አብረዋት አለቀሱ። ከቀብሩ ወዲህ ከሰው ጋር ሲያለቅሱ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።